የቆሎ ተማሪና ቆሎ

የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች «ጽሑፍ አምጣ» እያሉ ሲወተውቱኝ ከሰነበቱ በኋላ፥ «ለመሆኑ ስለ ምን ልትጽፍ አስበሃል?» ቢሉኝ፥ «ስለ አንዲት አይጥ እከክ» ብዬ መለስሁላቸው። አንደኛው ሣቀ፤ ሁለተኛው ግን ለማባዣ የተመደበልን ወረቀት ጥቂት መሆኑን በትሕትና አሳሰበኝ። ባለፉት ቁጥሮች ጓደኞቻችን ስለ ፍልስፍና፥ ስለ ሥራ ማጣትና ስለ ፍቅር ብዙ ቁም ነገር ስለ ጻፉ፥ እኔ በዚያ ሁሉ መካከል አይጥ ይዤ ብቅ ማለቴ የሚያሳፍር ሳይመስል አይቀርም። ዳሩ ግን አንባቢ ሆይ፥ እስከ መጨረሻው ታገሠኝ፤ ነገሩ በእከክ ቢጀምርም በእከክ አይጨረስም።

እንደ ብዙዎቻችሁ ሁሉ እኔም የሳሙናዬንና የወረቀቴን ገንዘብ የማገኘው የሰው ልጆች በማስጠናት ነው። የማስጠናት ልጅ ዕድሜዋ ዘጠኝ ዓመት ነው። ጎረቤቶቻቸው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፥ ሃምስተር የምትባል ትንሽ እንስሳ ከነሽቦ ቤቷ ለልጅቱ ትተውላት ሄዱ። ሃምስተር በትክክል ከተነገረ አይጥ አይደለችም፤ የአይጥ የሩቅ ዘመድ ነች። ጅራቷ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ጀርባዋ የወርቅ መልክ አለው፤ ሆዷ ነጣ ያለ ነው። ቀን ትተኛለች፤ ሌሊት ትሮጣለች። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ጉንጯ ነው። በግራና በቀኝ እስከ ትከሻዋ የሚደርስ ከረጢት ስላላት፥ ያገኘችውን እህል ሳታኝክ እዚያ ታጭቀውና ወደ ጎሬዋ ወስዳ ትደብቀዋለች። ጀርመኖች ስግብግብ ሰው እህል ሲያከማች ባዩ ጊዜ ለድርጊቱ የሚሰጡት ስም ከዚህችው እንስሳ ስም የወጣ ነው፤ በዕብራይስጥም «ኦጌር» ትባላለች፥ ሰብሳቢ ማለት ነው።

ልጅቱ አንድ ቀን የገብስ ቆሎ አንድ በአንድ ስታቀብላት፥ ፊቷ እንደ ስልቻ እስኪነፋ ድረስ ተቀብላ ስለ ያዘች፥ ስሟን «ቆሎ» አለቻት። ይህን ስትነግረኝ ከልቤ ሣቅሁ። እኔ ራሴ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ሁለት ዓመት ያህል የቆሎ ተማሪ ሆኜ፥ ደበሎ ለብሼና አኩፋዳ ይዤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ በየደጁ ለምኛለሁና፥ ስሙ የሁለታችንም መሰለኝ። ከዚያም የተነሣ ስለ ተባይ ማንም እንዲያስተምረኝ የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም ነበር፤ ቅማልን በደበሎ ስፌት ውስጥ፥ ቁንጫን በጎጆ አመድ ውስጥ፥ ትኋንንም በዚሁ በመኝታ ቤታችን ፍራሽ ውስጥ አውቃለሁ። እንዳላወቅሁ የተረዳሁት በኋላ ነው።

ባለፈው ጥር ወር የቆሎ ጠጉር ከታፋዋ ላይ ይረግፍ ጀመር። ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ጀርባዋ ወጣ፤ ቆዳዋም እንደ ደረቀ ዱቄት ቅርፊት አወጣ። ልጅቱ የሒሳብ ደብተሯን ዘግታ፥ «ጋሼ፥ ቆሎ ልትሞት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። ምግብ የሚሠሩት እናት «ነጭ ጋዝ በጥጥ ነክራችሁ ቀቧት» አሉ። ዘበኛው «ማላታይን ትንሽ ረጨት ቢያደርጉባት አንድ ተባይ አይቀርም» አለ። የልጅቱ እናት ግን «በሽታ ወደ ልጄ ሳይጋባ ውጭ ትጣል» አሉ።

እኔም የተማርሁ ነኝና የሁሉንም ምክር ንቄ የራሴን አመጣሁ፤ «ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ትታጠብ» አልሁ። በራሴ እጅ አጠብኋት። ቆሎ ከውኃው ስትወጣ አንዲት እርጥብ ጨርቅ አክላ ትንቀጠቀጥ ጀመር፤ እስከ ማታም ድረስ አልበላችም። በጋቢ ጠቅልለን ሙቅ ውኃ የያዘ ጠርሙስ አጠገቧ ባናደርግላት ኖሮ በዚያው ቀን ባለቀች ነበር። ሃምስተር በውኃ የምትታጠብ እንስሳ አይደለችም። ገላዋ ትንሽ ስለ ሆነ ሙቀቷን ወዲያው ታጣለች፤ የምትጸዳውም ራሷን በመላስና በደረቅ ንጹሕ አሸዋ ላይ በመንከባለል ነው። ነጭ ጋዙና ማላታይኑም ቢሆን ኖሮ፥ በምላሷ ጠጉሯን ስታጸዳ ሁሉንም ወደ ሆዷ ታስገባው ነበርና ተባዩ ከመሞቱ በፊት እርስዋ ትሞት ነበር። እንግዲህ በቤቱ ከተሰጠው ምክር ሁሉ የማይገድል አልነበረም፤ የእኔው ግን ማላገጫ የሌለው ነበር፤ ምክንያቱም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምክር ነው።

በማግሥቱ ልጅቱና እኔ ቆሎን በጫማ ካርቶን አድርገን ወደ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሙ ካርቶኑን ከፍቶ አየና ለረዳቱ፥ «ና እይ፥ አይጥ ልታከም ብላ መጣች» አለው። ከሣቀ በኋላ ለበግና ለፍየል የሚወጋውን አይቨርሜክቲን የሚባለውን መድኃኒት አነሣ። «ለዚችስ ትንሽ ትበቃታለች» ብሎ በዓይኑ ለክቶ 0.2 ሲሲ ቀዳ። አልመዘናትም፤ ቆዳዋንም አልመረመረም። ልጅቱ ከቆሎ እግር የወፈረውን መርፌ ባየች ጊዜ ጮኻ ስለ አለቀሰች፥ እኔም ከሐኪሙ ሣቅ የተነሣ አፍሬ ስለ ነበር፥ «ነገ እንመለሳለን» ብለን ወጣን። የልጅቱ ልቅሶ ቆሎን ከምን እንዳዳናት የገባኝ ከጥቂት ቀን በኋላ ስሌቱን በወረቀት ላይ ሳሰላ ነው።

በቢሾፍቱ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲያችን የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚማር አንድ የአገሬ ልጅ አለ። በስልክ ባጫውተው፥ «ምንም ነገር ሳትሰጡ ይዘሃት ና» አለኝ። በቅዳሜ ቀን በሚኒባስ ወሰድናት። ረዳቱ ካርቶኑ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ሰምቶ፥ «ጫጩት ከሆነ ይከፈልበታል» አለ፤ «ሃምስተር ነች» ብለው ግራ ገባውና ሳያስከፍለን ቀረ።

ጓደኛዬ መጀመሪያ አልሣቀም። ይህ ብቻውን መድኃኒት ነበር። በደነዘ ምላጭ ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት አድርጎ ከቆሎ ታፋ ላይ ቆዳውን በቀስታ ፋቀ፤ የፋቀውንም በመስተዋት ላይ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ከዚያም ቦታውን ለቀቀልኝ። በዚያ ብርሃን ውስጥ ያየሁትን አልረሳውም። እንደ ሲጋራ የረዘሙ ጥቃቅን ፍጥረቶች፥ ስምንት አጫጭር እግሮቻቸውን ከፊት በኩል ሰብሰብ አድርገው፥ በዝግታ ይወራጫሉ። በአጠገባቸውም ከእነርሱ ያጠሩና የደነደኑ ሌሎች ነበሩ። «ዴሞዴክስ ይባላሉ» አለኝ። «ረጃጅሞቹ በጠጉሩ ሥር ይኖራሉ፤ አጫጭሮቹ ግን በቆዳው ላይኛ ሽፋን ውስጥ ነው ጉድጓዳቸው። ሁለቱም የሃምስተር ብቻ ናቸው፤ ወደ ልጅቱ አይተላለፉም።»

«እንግዲያው ከየት ያዛት?» አልሁት።

«ከእናቷ» አለኝ። «ጡት ስትጠባ ጀምሮ አብረዋት ናቸው። በጤነኛ ሃምስተር ላይም ጥቂት ይገኛሉ፤ ምንም አያደርጓትም። የሚበዙት ሰውነቷ ሲደክም ነው። ስለዚህ የምትጠይቀኝ ከየት እንደ መጡ ሳይሆን፥ እርስዋ ለምን እንደ ደከመች መሆን አለበት።»

ቀጥሎም የሚጠይቀኝ እርሱ ሆነ። ዕድሜዋ ስንት ነው? ሃምስተር የምትኖረው ሁለት ዓመት፥ ቢበዛ ሦስት ዓመት ያህል ስለ ሆነ፥ አንድ ዓመት ተኩል ያለፋት ቆሎ ወደ እርጅናው ተጠግታለች። ምን ትበላለች? ቆሎ፥ ሱፍ፥ አንዳንድ ጊዜም ብስኩት፤ አትክልትና የተቀቀለ እንቁላል የሰጣት የለም። የት ነው ቤቷ? ወጥ ቤቱ በር አጠገብ፥ ከቴሌቪዥኑ ሥር። ቀን ትተኛለች? ልጅቱ ከትምህርት ቤት እንደ ገባች ትቀሰቅሳታለች። ከሥሯ ምን ይነጠፋል? ከአናጢ ቤት የሚመጣ የጽድ ፍቅፋቂ። እዚህ ላይ ጓደኛዬ ራሱን ነቀነቀ። ለእኛ ደስ የሚለው የጽድ ሽታ ለእንዲህ ያለች ትንሽ እንስሳ ሳንባና ቆዳ የሚቈጠቍጥ ነው። እኔ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ስመልስ ድምፄ እያነሰ ሄደ። ቆሎን የጣላት ተባዩ ሳይሆን አኗኗሯ ነበር፤ ተባዩ የወደቀችውን ነው ያገኘ።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ ሚዛን አስፈለገ። አንድ የልጅቱ ዘመድ ወርቅ ሠሪ ስለ ሆነ በወርቅ ሚዛን መዘናት፤ 112 ግራም ሆነች። እንግዲህ ለበግ የሚታዘዘው የአይቨርሜክቲን መጠን ለ50 ኪሎ ክብደት 1 ሲሲ ነው። ለ112 ግራም ሲሰላ ከአንድ ሲሲ ሦስት ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ያ ሐኪም በዓይኑ ለክቶ «ትንሽ» ብሎ የቀዳው 0.2 ሲሲ ከሚገባት ዘጠና እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። በትንሽ ፍጥረት ላይ «ትንሽ» የሚባል መጠን የለም፤ ልክ ብቻ ነው ያለው። ጓደኛዬ በመምህሩ ፊት መድኃኒቱን አቅጥኖ፥ ለስኳር በሽተኞች በተሠራችው ቀጭን መርፌ ከአንገቷ ቆዳ ሥር ሰጣት። ይህንኑ በየሳምንቱ እየደገመ፥ ቆዳዋንም እየፋቀ ተመለከተ፤ በተከታታይ ሁለት ጊዜ አንድም ተባይ ሳይታይ ሲቀር መድኃኒቱ ቆመ። ምግቧም ተለወጠ፤ ጎመን፥ ካሮትና ጥቂት እንቁላል ተጨመረላት። ቤቷ ጸጥ ወዳለ ክፍል ተዛወረ። ጽዱ ተጥሎ ያልተጻፈበት ወረቀት እየተቀደደ ተነጠፈላት። በመጋቢት መጨረሻ ጀርባዋ ላይ እንደ በልግ ቡቃያ ያለ ለስላሳ ጠጉር በቀለ።

ይህን ያህል ስለ እርስዋ ካወራሁ ዘንድ፥ እንስሳ በቤቱ ለሚያኖር ሰው የሚጠቅመውን ጥቂት ልጨምር። በሃምስተር ላይ ከዴሞዴክስ ሌላ የጆሮና የአፍንጫ እከክ የሚያመጡ ተባዮች አሉ፤ ከዱር አይጥ የሚመጡ፥ ደም የሚመጡና ሰውንም የሚነክሱ አሉ። በሆዷም ውስጥ እንደ ክር የቀጠኑ ወስፋቶች ይገኛሉ። ከሁሉ የሚያስጠነቅቀው ግን ድንክ የሚባለው የኮሶ ትል ነው። ይህ ትል እኛ ከጥሬ ሥጋ እንደምናገኘው እንደ ረጅሙ ኮሶ አይደለም፤ እንቁላሉ ከእዳሪ ወደ እጅ፥ ከእጅ ወደ አፍ በቀጥታ ስለሚተላለፍ፥ ሕፃናትን በተለይ ያጠቃል። ስለዚህ ሃምስተርን የነካ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ወደ ገበታ መቅረብ የለበትም። እከኩም ሆነ ትሉ ለየራሱ የታወቀ መድኃኒት አለው፤ ነገር ግን አንዱ ለሌላው አይሆንምና ሳይመረመር መስጠት በጨለማ ድንጋይ መወርወር ነው።

መከላከያው ግን ቀላል ነው። የሚነጠፍላት ነገር የዱር አይጥ ከዋለበት ከገበያ ጭድ አይምጣ። እርጥብ የሆነው ጥግ በየቀኑ፥ ቤቷ በሙሉ በየሳምንቱ ይጽዳ። የተረፈ አትክልት አይደርባት። አዲስ እንስሳ ከመጣ ጥቂት ሳምንት ለብቻው ይቀመጥ። ወርቃማዋ ሃምስተር ካደገች በኋላ ከሌላ ሃምስተር ጋር በአንድ ቤት መኖር አትወድም፤ ቢያስገቧቸው ይናከሳሉ፥ ቁስሉም ለተባይ በር ነው። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ያን መራራ ኮሶ ይጠጡ የነበረው ትሉ እስኪጥላቸው ሳይጠብቁ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይህ ነው። እኛ ግን በመኝታ ቤታችን ትኋኑ ከግድግዳው እስኪወርድ ድረስ ፍራሻችንን ፀሐይ አናሰጣም፤ ከዚያም አንድ ቀን መድኃኒት ረጭተን፥ ስንጥቁን ሳንደፍን፥ በሳምንቱ ተመልሶ ቢመጣ እንገረማለን።

አሁን ነገሩ ከእከክ የሚወጣበት ቦታ ላይ ደረስሁ።

ልጅቱ «ቆሎ አገሯ የት ነው?» ብላ ስለ ጠየቀችኝና መልስ ስላጣሁ፥ በስድስት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ማንበብ ጀመርሁ። አገሯ ሶርያ ነው፤ የሐለብ ከተማ አካባቢ። ታሪኳም እንዲህ ነው። በኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ሳውል አድለር የሚባል የጥገኛ ተሕዋስያን ተመራማሪ ነበረ። (እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች እንድንወደው የሚያደርገን ነገር ቢኖር፥ የዳርዊንን «የዝርያዎች አመጣጥ» ወደ ዕብራይስጥ የተረጐመ እርሱ መሆኑ ነው።) ይህ ሰው የሚመራመርበት በሽታ ሰው ላይ ሲይዝ እንደሚታየው ሆኖ የሚታይበት ትንሽ እንስሳ ያስፈልገው ነበር። በቻይና አገር የሚገኘው የሃምስተር ዓይነት ለዚህ ተስማሚ መሆኑ ታውቆ ነበር፤ ይሁን እንጂ በኢየሩሳሌም አልዋለድ ብሎ አስቸገረው። ስለዚህ እስራኤል አሃሮኒ የተባለውን የእንስሳት ሊቅ በአቅራቢያ ያለ ሌላ ዓይነት እንዲፈልግለት ለመነው። አሃሮኒም እ.ኤ.አ. በ1930 ወደ ሐለብ ሄዶ፥ በአንድ የስንዴ እርሻ ላይ ሠራተኞች ጉድጓድ ሲያስቈፍር ውሎ፥ ሁለት ሜትር ከግማሽ ያህል ጥልቀት ላይ አንዲት እናት ከዐሥራ አንድ ግልገሎቿ ጋር አገኘ። እናቲቱ ደንግጣ አንዱን ግልገሏን ነክሳ ገደለችው። ከቀሩትም ከእንጨት ሣጥናቸው በጥርሳቸው ቀደው ያመለጡና የሞቱ አሉ። በመጨረሻ በጣት የሚቈጠሩት ተዋለዱ። ሃምስተር ባረገዘች በ16 ቀን የምትወልድ ስለ ሆነች ብዙም ሳይቈይ ቤቱ ሞላ። ዛሬ በዓለም ላይ በልጆች ቤት የሚኖሩት ወርቃማ ሃምስተሮች፥ ከጥቂቶቹ በቀር፥ የዚያች የአንዲት ጎሬ ዘሮች ናቸው። የእኛም ቆሎ እንዲሁ።

አድለር ይመራመርበት የነበረውን የበሽታ ስም ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁት። ካላዛር ይላል።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት ታላቅ ወንድሜ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፥ ከአጎታችን ልጅ ጋር ሆኖ ሰሊጥ ለማረም ወደ መተማ ወረደ። ዓላማው ለእኔ የትምህርት ቤት ልብስና ለቤታችን ቆርቆሮ መግዣ ገንዘብ ይዞ ለመመለስ ነበር። ቀን በፀሐይ ሲያርሙ ይውላሉ፤ ሌሊት በተሰነጣጠቀው የዋልካ መሬት ላይ፥ ከግራር ሥር፥ ያለ አጎበር ይተኛሉ። በዚያ ስንጥቅ ውስጥ የምትኖር፥ ክንፏ ጠጉራም የሆነ፥ ስትበር ድምፅ የማታሰማ የአሸዋ ዝንብ አለች፤ በሽታውን የምታስተላልፈው እርስዋ ነች። ሁለቱም በኅዳር ተመለሱ። በጥር ወንድሜን ትኩሳት ያዘው። የወባ መድኃኒት ተሰጠው፤ አልተሻለውም። ጠበልም ተወሰደ። ሰውነቱ እየከሳ ሆዱ ብቻ በግራ በኩል ያብጥ ጀመር፤ ያበጠው ጣፊያው ነበር። አንድ ከቆላ የመጣ ጤና ረዳት አይቶት «ይህ ካላዛር ነው፥ ዛሬውኑ ጎንደር ውሰዱት» ስላለ፥ አባቴ አንዲቷን ላም ሸጦ ወሰደው። 17 ቀን፥ በየቀኑ ሁለት ሁለት መርፌ ተወጋ። ዳነ። የአጎታችን ልጅ ግን «ወባ ነው፥ ያልፋል» እያለ ቈየና፥ ወደ ሐኪም ሲደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። ያን ጊዜ እኔ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። መቃብሩ ላይ አፈር ሲመለስ ቆሜ አይቻለሁ።

ያን መጽሐፍ እንደ ገና ከፍቼ ሳነብ፥ ወንድሜ ከተወጋቸው ከሁለቱ መርፌዎች አንዱ፥ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የሚባለው፥ በሰው ከመሰጠቱ በፊት በእንግሊዝ አገር ሊዮናርድ ጉድዊን በሚባል ሊቅ እጅ፥ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ፥ በእነዚሁ በሐለብ ሃምስተሮች ላይ የተሞከረ መሆኑን አገኘሁ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚል ተረት አለን። እዚህ ላይ ተረቱ ተገልብጧል፤ ሰውን በበላው በሽታ አይጢቱ ተመታች። በሽታው ተሰጥቷት፥ ጣፊያዋ አብጦ፥ ሆዷ ተከፍቶ ታየ፤ ከእርስዋ የተገኘው ልክ ወደ ወንድሜ ክንድ መጣ። ሰውና እንስሳ እኩል ናቸው ለማለት አይደለም፤ ወንድሜን ለሺህ ሃምስተር አልለውጥም። ነገር ግን ውለታ ውለታ ነው። ጓደኞቼ በመኝታ ቤት «ሕዝቡ ሐኪም አጥቶ አንተ አይጥ ታሳክማለህ» ብለው ሲቀልዱብኝ መልስ አጥቼ ዝም እል ነበር። አሁን ግን መልስ አለኝ፤ ከእነርሱ ቀድማ የታመመችልን እርስዋ ነች።

ሌላም ነገር አለ። ቢሾፍቱ ላይ ጓደኛዬ ስለ ቆሎ ያለኝን ቃል ከአእምሮዬ ላወጣው አልቻልሁም። በዚያ ቆላ በዝንቧ የተነከሰ ሰው ሁሉ በካላዛር አይታመምም፤ ብዙዎች ተሕዋሱ በደማቸው ገብቶ ሳያውቁት ይኖራሉ። የሚወድቁት ይበልጡን በምግብ እጦት የተጎዱትና ሌላ በሽታ፥ በተለይም ኤች.አይ.ቪ. ያለባቸው ናቸው። ወንድሜና የአጎታችን ልጅ በዚያ ክረምት ምን ይበሉ እንደ ነበር ጠይቄዋለሁ፤ ቂጣና ጨው፥ ደኅና ቀን ሲሆን ሽሮ። እንግዲህ ስለ ቆሎ የተጠየቅሁት ጥያቄ ስለ እነርሱም ሊጠየቅ ይገባ ነበር፤ ምን በሉ? የት ተኙ? ማን ቀሰቀሳቸው? መርፌው የመጨረሻው መልስ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

በፋሲካ ወደ ቤት ስደውል ይህን ሁሉ ለወንድሜ አጫወትሁት። አሁን አግብቶ የልጅ አባት ሆኗል። ጥቂት ዝም ብሎ ከቈየ በኋላ፥ «እና ያቺ መርፌ መጀመሪያ የተሞከረችው በአይጥ ነው?» አለኝ።

«በአይጥ ዘመድ» አልሁት።

«አዬ! መርፌይቱስ ታማለች» አለ። ቀጥሎም፥ «ደኅና ነች አሁን?»

«ደኅና ነች፤ ጠጉሯም በቅሏል።»

«እንግዲያው ቆሎ አታሳጧት» ብሎኝ ስልኩን ዘጋ። ብቻዋን ቆሎ እንዳትበላ ሐኪሟ እንደ ከለከላት ልነግረው አልቻልሁም።

ወንድሞቼና እህቶቼ፥ በቅርቡ ክረምቱ ይገባል፤ ብዙዎቻችን ወደየአገራችን እንበተናለን። የሕክምና ተማሪ ያልሆንን እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች በመንደራችን መርፌ ልንወጋ አንችልም፤ አይገባንምም። ልናደርገው የምንችለው ግን አለ። ከመተማ፥ ከሑመራ ወይም ከሌላ ቆላ የተመለሰ ወጣት ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ አልለቀው ቢል፥ እየከሳ ከሄደና በግራ ጎኑ እብጠት ከታየበት፥ «ወባ ነው፥ ያልፋል» የሚለውን ቃል አንቀበል። ካላዛር ከጣት በሚወሰድ አንዲት የደም ጠብታ ሊመረመር ይችላል፤ ሳይታከም ከቀረ ይገድላል፥ በጊዜ ከታከመ ግን አብዛኛው ሰው ይድናል። ወደ ቆላ ለሚወርደውም አጎበር እንዲይዝ፥ በስንጥቅ መሬት ላይና ከግራር ሥር እንዳይተኛ እንንገረው። ይህን ለመናገር ዲግሪ አያስፈልግም።

በቤቱ ሃምስተር፥ ጥንቸል ወይም ድመት ያለው ደግሞ ነጭ ጋዙን ወደ ምድጃው፥ ሳሙናውንም ወደ ራሱ እጅ ይመልስ። ታማሚውን ሳይመዝን መድኃኒት የሚቀዳ ሐኪም ቢያጋጥመው፥ ልጅ ባይኖረውም እንኳ እርሱ ራሱ ያልቅስ።